ቢሮ የገባው የስፌት መኪና

አንድ ቀን፣ ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ልብስ ሰፊው ሸምሱ ለአምስተኛ ጊዜ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጉዳዩ ከአንድ ፊርማ አያልፍም። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራበት በረንዳ ላይ መስፋቱን እንዲቀጥል የሚፈቅደው ደብዳቤ ተጽፎ ካለቀ ሰንብቷል፤ የቀረው የኃላፊው የአቶ ተካልኝ ፊርማ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ግን ሸምሱ መኪናውን ተሸክሞ ከበረንዳው ይነሣል። ከዚያ በረንዳ ሌላ ደግሞ እንጀራ የለውም።

አቶ ተካልኝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እውነቱን መናገር ጥሩ ነው። ችግራቸው ወሬ ከጀመሩ ሥራ የሚባል ነገር መኖሩን መርሳታቸው ነው። የማያውቁት ነገርም የለም፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ያምናሉ። ለሾፌር ስለ ፍሬን፣ ለአዋላጅ ስለ ምጥ ሲያስረዱ ተሰምተዋል። በዚያ ሰሞን ደግሞ አዲስ ወሬ ተገኝቶላቸዋል። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ የድሮ የስፌት መኪና የብረት እግር ከነመርገጫው ከነመዘውሩ አግኝተው፣ ጥቁር ቀለም አስቀብተው፣ ላዩ ላይ ወፍራም መስታወት አስጭነው የቢሮ ጠረጴዛ አድርገውታል። ከዚያ ወዲህ ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ወሬው የሚጀመረው ከጠረጴዛው ነው።

ሸምሱም ሲገባ ዕጣው ያው ሆነ። በግድግዳው በኩል አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ባለጉዳዮች ተራ ይጠብቃሉ። ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ እንዲቀመጥ ተጋበዘና ትምህርቱ ተጀመረ። አቶ ተካልኝ ዕቃው አንቲክ መሆኑን፣ ውጭ አገር ቢሆን በዘበኛ እንደሚጠበቅ፣ ብረቱም እንዴት ቀልጦ እንደሚፈስ አስረዱት። ቀጠሉና ሰፊ ሰው ወገቡን እንዳያመው እንዴት መቀመጥ እንዳለበት ነገሩት። ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ላይ የተቀመጠው ሸምሱ እጁን አጣምሮ አዳመጠ። እያወሩም እግራቸው ለአፍታ አላረፈም፤ መርገጫውን ይረግጡታል፣ መዘውሩ ከመስታወቱ ሥር ይሽከረከራል። ለደም ዝውውር ጥሩ ነው ብሎ ሐኪም ነግሯቸዋል አሉ።

ሸምሱ ትንፋሽ እስኪወስዱ ጠብቆ የደብዳቤውን ነገር አነሣ። አቶ ተካልኝ እግራቸውን ሳያቆሙ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ እንደሆነና ሰኞ ብቅ እንዲል ነገሩት። ዓርብ ነው ቀኑ ቢላቸው፣ ሥራ እንደበዛባቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ዕረፍት እንዳላገኙ አስረዱት። ሸምሱ ተናደደ፣ ፈራም። ሚስቱን ዛሬ ጨርሼ እመጣለሁ ብሏት ነው የወጣው።

ይኸኔ ኃላፊው ወደ ጠረጴዛቸው ወሬ ተመለሱ። «ለመሆኑ አንተ ባለሙያ ነህ፤ እስቲ ሳትዋሽ ንገረኝ። እንዲህ ቀለል ብሎ የሚረገጥ መኪና አይተህ ታውቃለህ?»

ሸምሱ አሰበ። ቢያሞግስላቸው ሌላ አንድ ሰዓት ያወሩለታል፤ ዝም ቢል ዓርብ ይደርሳል፤ ቢያስቀይማቸው ደግሞ በረንዳውን ይሰናበታል። ቀስ ብሎ ወደ መስታወቱ አጎነበሰ።

«መኪናውስ ደኅና ነው» አለ። «እንዲያውም እኔ ከገባሁ ወዲህ በረገጡት ብቻ አንድ ሱሪ ከነኪሱ ያልቅ ነበር።»

ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንዱ ሳቁን በሳል ሊያሳልፍ ሞከረ። የአቶ ተካልኝ እግር ቆመ። ቅር ቢላቸውም፣ የማያውቁት ነገር እንዳያመልጣቸው ብለው ነው መሰል፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቁት።

«መዘውሩ እኮ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው፣ አቶ ተካልኝ» አላቸው ሸምሱ፣ በትሕትና። «ላይኛው ጠርዙ ወደ እርስዎ መምጣት ሲገባው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እንደዚያ ሲሆን ክር ይበጥሳል እንጂ አይሰፋም። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳታት እሷን ነው።»

አቶ ተካልኝ አላመኑም። አንድ ሁለቴ ረገጡና መስታወቱን አሻግረው ተመለከቱ። መዘውሩ ከእሳቸው እየሸሸ ወደ ባለጉዳዩ ዞረ። አራቱም ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አዩ። አቶ ተካልኝ በዚያ ቢሮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ።

ሸምሱ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ መስታወቱ ላይ ዘረጋው። እስክሪብቶውንም ክዳኑን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

«ይሄ ምን ችግር አለው። የእግር መኪና ሁልጊዜም መዘውሩን በእጅ አዙረው ነው የሚያስነሡት። እግርዎን ያሳርፉና በእጅዎ ይጀምሩ።»

አቶ ተካልኝ ፈረሙ። አራቱ ባለጉዳዮችም ተራ ሳይጠብቁ አንድ ላይ ተነሥተው ወረቀታቸውን መስታወቱ ላይ ደረደሩ።