የጋሽ ደምሰው ወንበር

በአንድ ወቅት፣ በክረምት ሐይቁ ሳይቀር ድንጋይ በሚሆንበት አንድ የአሜሪካ ከተማ፣ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ አባት ነበሩ። ሦስት ልጆችና አንድ ወንበር ነበሯቸው። ልጆቹ ይቆዩንና መጀመሪያ ስለ ወንበሩ ልንገራችሁ፤ ጠቡ የመጣው በእሱ ነው።

ወንበሩ ያለው በከተማው ስታዲየም ውስጥ ነው። እዚያ የሚጫወቱት እነሱ ፉትቦል የሚሉትን ነው፤ ሞላላ ኳስ ታቅፎ የሚሮጥ አለ፣ እሱን ለመጣል የሚሮጥ ደግሞ ሌላ አለ። የከተማው ቡድን ጎሾቹ ይባላል። ለጎሾቹ ጨዋታ በስም የተያዘ ወንበር ማግኘት እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በወጣትነቱ ወረፋ የያዘ ሰው ሸብቶ ነው የሚደርሰው። ባለ ወንበሩ ግን ለልጁ ማውረስ ይችላል፤ ለአንድ ልጅ ብቻ።

ጋሽ ደምሰው በዚያ ወንበር በረዶ እየወረደባቸው ተቀምጠዋል፤ ሦስቱንም ልጆች በየተራ ጭናቸው ላይ አድርገው እዚያው አሳድገዋል። ጎሾቹ ያሉበት ምድብ አራት ቡድን ነው፤ አንጥረኞቹ፣ ጀልበኞቹና ቀበሮዎቹ ሁሉም በየተራ አንደኛ ወጥተውበታል። ጎሾቹ ብቻ አንድም ቀን አልወጡም። የቴሌቪዥን ተንታኞች በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ ጋሽ ደምሰውም በየዓመቱ «ይበሉ! ምን ያውቃሉ?» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸውና የስታዲየሙን ደረጃ መውጣት አቃታቸው።

የጨዋታው ወቅት የሚከፈተው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ስለሆነ ቤተሰቡ የራሱን ወግ አበጅቶ ነበር። በዋዜማው ከስታዲየሙ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሥጋ ከሚጠበስበት ከሰል አጠገብ፣ ትንሽ ችቦ ይለኩሳሉ። ችቦው እየነደደ ምድቡን ማን እንደሚያሸንፍ ሁሉም ቃሉን ይሰጣል። ችቦው አመድ ከሆነ በኋላ ቃል መለወጥ የለም።

በዚያ ዓመት ጋሽ ደምሰው ችቦውን ለኩሰው እንዲህ አሉ።

«እኔ ከእንግዲህ አልወጣም። ዘንድሮ ምድቡን የሚያሸንፈውን አውቆ የተናገረ ልጄ ወንበሬን ይውሰድ።»

ትልቋ ፍሬሕይወት አላመነታችም። «ጎሾቹ» አለች። አምናም ካቻምናም ያለችው ይህንኑ ነው፤ በመሥሪያ ቤቷ ሲስቁባት የጎሾቹን ሹራብ ለብሳ በማግሥቱ የምትሄድ ሴት ናት። ወንድሞቿ አንድ ምክንያት ጥሪ ሲሏት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ቡድን የለውም ብላ ዘጋቻቸው።

ሁለተኛው ምንተስኖት ጨዋታ አይቶ የማይጠግብ፣ አንዷን ሩጫ አሥር ጊዜ መልሶ የሚያይ ልጅ ነው። በአባቱ ፊት፣ ያ ሁሉ የጎሾቹ ደጋፊ እየሰማ፣ «አንጥረኞቹ» አለ። ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ አንዲት ጎረቤታቸውማ ያቀበለችውን ሥጋ መልሳ ልትወስድበት ምንም አልቀራት። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። አንጥረኞቹ አንድ ደካማ ጎን ብቻ እንዳላቸው፣ ትእዛዝ እየሰጠ ጨዋታ የሚያስጀምርላቸው ተጫዋች ገና ልጅ በመሆኑ ጩኸት ሲበዛ ቡድኑ እንደሚደናገጥ አስረዳ። «የኛ ሰው ግን ሲበርደው ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ አይጮኽም» ብሎ ደመደመ። እውነቱን ነው፤ ያንገበገባቸውም እውነት መሆኑ ነው።

ትንሹ ናሁሰናይ ተራው ሲደርስ ከሰሉን ይቆሰቁስ ጀመር። አባቱ ችቦው ሊያልቅ ነው አሉት።

«እኔ አልተነብይም» አለ። «ያልተጫወቱትን ጨዋታ ማን ጨረሰው? ይልቅ አፌን ለጨዋታው ላቆይ።»

ቃል ያልሰጠ ድርሻ እንደሌለው አባቱ ነገሩት። ይሁን አለ። ችቦው አመድ ሆነ።

ወቅቱ ምንተስኖት እንዳለው ሄደ። አንጥረኞቹ ያገኙትን ሁሉ እየረቱ መሩ። ጎሾቹ ግን፣ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ ከኋላቸው አልጠፋ አሉ። ነገሩ ተንከባሎ ተንከባሎ የመጨረሻው ቀን ላይ ደረሰ፤ ጎሾቹና አንጥረኞቹ በዚያው ስታዲየም ገጠሙ፤ ያሸነፈ ምድቡን ይወስዳል።

ጋሽ ደምሰው መኪናቸው ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው ቀሩ። ፍሬሕይወት በታላቅነቷ በአባቷ ወንበር ተቀመጠች፤ ወንድሞቿ ለዚያ ቀን ብቻ ቦታ ፈልገው አጠገቧ ሆኑ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ጎሾቹ ከጅምሩ ተመሩ፣ እንደተመሩም ማብቂያው ተቃረበ። ኳሱ በአንጥረኞቹ እጅ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ከገፉ ሰዓቱን ጨርሰው ይወጣሉ። ሕዝቡ እየተነሣ መውጣት ጀመረ።

ፍሬሕይወትም ተነሣች። «አባዬ ብርድ ላይ ብቻውን ነው» አለችና ደረጃውን ወረደች። ልክ ናት፣ ብቻቸውን ነበሩ። ግን ከጨዋታው መጀመሪያም አንሥቶ ብቻቸውን ነበሩ፤ እሷ ያስታወሰችው ጎሾቹ ሲያልቅላቸው ነው። እኔ አልፈርድባትም፤ እናንተ እንደፈለጋችሁ።

ናሁሰናይ የሚወጣውን ሕዝብ ሲያይ ደሙ ፈላ። ባዶ የቀረው የአባቱ ወንበር ላይ ወጥቶ ቆመና እንደ ቡሄ ጨፋሪ ድምፁን አውጥቶ ማቀንቀን ጀመረ። በዚያ ረድፍ የነበሩት ሐበሾች መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ «ሆ!» ብለው ተቀበሉ። ፈረንጆቹ የሚለው አልገባቸውም፤ «ሆ» ማለት ግን ማንን ያቅታል? ከረድፍ ወደ ረድፍ ተያያዘ። ሊወጡ የነበሩት ደረጃው ላይ ቆመው ዞሩ።

ችግሩ ናሁሰናይ መቼ መጮኽ እንዳለበት አያውቅም። ተጫዋቾቹ እያረፉ ሳለ ሕዝቡን አስጩኾ ጉሮሮውን ሊጨርሰው ነው። ምንተስኖት እጁን አጣምሮ ጥቂት አየው። አንጥረኞቹ እንደሚያሸንፉ ቃል የሰጠው እሱ ነው፤ ዝም ቢል ወንበሩ በእጁ ነው። የወንድሙን ሱሪ ጎተተ።

«አሁን አይደለም» አለው። «ያ አስጀማሪያቸው ልጅ ጎንበስ ሲል።»

ልጁ ጎንበስ አለ። «ሆ!» ሲባል ስታዲየሙ ተንቀጠቀጠ። ከአንጥረኞቹ አንዱ ትእዛዙን ሳይሰማ ቀድሞ ተነቃነቀ፤ በቅጣት ወደ ኋላ ተመለሱ። ደግመው ተሰለፉ፤ ደግሞ «ሆ!»፤ ደግሞ ተሳሳቱ። መግፋት ሲያቅታቸው እንደ ጨዋታው ደንብ ኳሱን በእግር መትተው ለጎሾቹ ሰጡ። ጎሾቹም በቀረችው ጥቂት ጊዜ ኳሱን ይዘው የመጨረሻውን መስመር አልፈው ገቡ። ጎሾቹ ምድቡን አሸነፉ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ወንድማማቾቹ ጋሽ ደምሰውን በሩን ከፍተው ቆመው አገኟቸው። ፍሬሕይወት ደግፋቸዋለች። ሽማግሌው ያለቅሳሉ፣ አላፈሩበትም። ሬዲዮውን አጥፍተው ድምፁን ከስታዲየሙ እንደሰሙት፣ የሚያወጣው ማን እንደሆነም ወዲያው እንዳወቁ ተናገሩ። ከዚያ የወንበሩ ነገር ተነሣ፤ ደስታውም እዚያው ላይ ተቋረጠ።

ፍሬሕይወት «ቃሌን ሰጠሁ፣ ቃሌ ደረሰ። ስትስቁብኝም ይህንኑ ነበር ያልኩት» አለች።

ምንተስኖት «ብሳሳት ሰዋችን አይጮኽም ባልኩት ብቻ ነው፤ እሱንም ያፈረስኩት ራሴ ነኝ። መቼ እንደሚጮኽ ለናሁሰናይ ባልነግረው ባዶ ጩኸት ነበር» አለ።

ናሁሰናይ ድምፁ ተዘግቷል። በሹክሹክታ «እናንተ ስለ ጨዋታው ተናገራችሁ፤ እኔ ወንበሩ ላይ ቆምኩ» አለ።

ጋሽ ደምሰው ሦስቱንም አዩና የክለቡን ወረቀትና እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ። እንደ ቃላቸው ከሆነ ያለቀ ነገር ነው፤ ግን የተነበየችው ልጅ ጨዋታው ሲያልቅ እዚያ አልነበረችም። ያወቀው ስቷል። ያደረገው ቃል አልሰጠም። ክለቡ ደግሞ የሚቀበለው አንድ ስም ነው፤ ስም ካልተሰጠው ወንበሩን ለባለ ወረፋው ያሳልፈዋል።

በየተራ ይቀመጡበት የምትሉኝ ብልጦች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አይሆንም፣ አትልፉ። በወንበሩ ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ሽማግሌውም እስክሪብቶውን ይዘው እየጠበቁ ነው። በሉ ንገሯቸው፤ የማንን ስም ይጻፉ?