ሽማግሌዎቹን ያስለቀሰው ጢስ መውጫ

አንድ ሰው ነበረ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአያቱ በወረሰው የድንጋይ ቤት የሚኖር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ። አያትየው ይህን አስበው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ምድጃ አበጁ፤ ከምድጃው ተነሥቶ በጣሪያው በኩል የሚወጣ ረጅም የጡብ ጢስ መውጫም ገነቡ። በሰፈሩ ሌላ እንዲህ ያለ ቤት የለም። ሰውየው፣ አቶ ዘርጋው ይባላል፣ በዚህ ጢስ መውጫ እንዴት ይኮራ መሰላችሁ። በየዘመን መለወጫው ኖራ ያስቀባዋል። እንግዳ አድራሻ ሲጠይቀው ነጩን ጢስ መውጫ እያየህ ና ይለዋል።

ታዲያ ከጊዜ በኋላ ጢሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ሳሎን መመለስ ጀመረ። የሚስቱ የአስካለች ዓይን ቀላ። አቶ ዘርጋው እንጨቱ እርጥብ ነው አለ። ደረቅ እንጨት መጣ። ነፋሱ ነው አለ። ነፋሱ ቆመ። እናንተ በር እየከፈታችሁ ነው አለ። በሩ ተዘጋ፤ ይሄኔ ጭራሽ መተያየት ጠፋ።

አስካለች ግንበኛ ጠራች። ግንበኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየና ወረደ። «ጋሼ፣ ውስጡ ተንዷል። ይሄን ጥገና አያነሣውም፤ ፈርሶ እንደገና ነው የሚሠራው» አለ።

አቶ ዘርጋው ምን አደረገ? ወደ ውስጥ አየ? አላየም። መንገዱን ተሻግሮ ቆመና ቀና ብሎ አየው። ነጭ ነው። ቀጥ ብሏል። ሲያጋድል እጠራሃለሁ ብሎ ግንበኛውን ሸኘው።

ወገኖቼ፣ ከመንገድ ማዶ ሲታይ የማን ጢስ መውጫ ነው የማያምረው?

እንግዲህ ይህ ሰው ስንዱ የምትባል ልጅ አለችው። አንድ እሁድ ጠዋት የምትወደው ልጅ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ሊጠይቋት መጡ። ስንዱ ጓዳ ሆና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች። አስካለች ዛሬ እንኳ እሳቱ ይቅር ብላ ባሏን ለምናው ነበር። የአያቴን ምድጃ ሳያዩ ሊሄዱ ነው ወይ ብሎ አነደደው።

ሽማግሌ ደግሞ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። ተቀመጡ ቢባሉ አሻፈረን ብለው ቆሙ። ጢስስ የት ነው የሚሰበሰበው? ወደ ላይ ነዋ። ከተቀመጠ ሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ልክ የቆመ ሽማግሌ አፍንጫ ጋ። ዋናው ሽማግሌ አቶ ደባልቄ ሳምንት ሙሉ የተለማመዱትን ንግግር ጀመሩ፤ ከሰላምታው ሳይወጡ ሳል ያዛቸው። የልጁን አባት ስም ሲያነሡ ድምፃቸው ጠፋ። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አቶ ዘርጋውም እንግዳ ቆሞ አልቀመጥም ብሎ ነበርና እንባው ጢሙን አርሶ ወደ ከረባቱ ይወርዳል።

አቶ ደባልቄ ይህን ሲያዩ ንግግራቸውን አቆሙ። «አቶ ዘርጋው፣ ልጅዎን መዳር እንዲህ የሚያስለቅስዎት ከሆነ እኛም አንጨክንብዎትም። ጥያቄያችንን ይዘን እንመለሳለን» አሉ።

ጓዳ ውስጥ ሳህን ወድቆ ተሰበረ።

አሁን አቶ ዘርጋው ምን ይበል? ጢሱ ነው ቢል፣ የአያቱ ጢስ መውጫ መበላሸቱን በሦስት ሽማግሌ ፊት ማመኑ ነው። ዝም ቢል፣ የልጁ ትዳር በበር ወጥቶ መሄዱ ነው። ሽማግሌዎቹ በሩን ከፈቱ። አንደኛው እግሩን አወጣ። ያኔ እንደ ምንም ብሎ «ጢሱ ነው» አለ።

አቶ ደባልቄ ተመልሰው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «እናውቃለን። እኔም ልጄን ስድር ጢሱ ነው ብዬ ነበር» አሉት።

አያችሁ? ስንት ዓመት ሸፋፍኖ ቆይቶ በስንት ጭንቅ እውነቱን ሲያወጣ፣ ማን ይመነው?

አቶ ዘርጋው ከጓሮ ዶማ አመጣና የምድጃውን ጉሮሮ ከውስጥ አንድ ጊዜ መታው። ሁለተኛ መምታት አላስፈለገም። ጡቡ፣ ጥላሸቱ፣ ስንት ዘመን የተከማቸው የወፍ ጎጆ ተግተልትሎ ወርዶ እሳቱን ቀበረው። ሳሎኑ ጨለመ። አቧራው ሲረግብ ፊታቸው በጥላሸት የጠቆረ አራት ሰዎች ተፋጠው ቆመዋል። መጀመሪያ የሳቁት አቶ ደባልቄ ናቸው። በምድጃው አፍ አጎንብሶ ሽቅብ ላየ ሰው፣ ትንሽ ቁራጭ ሰማይ ይታይ ነበር።

አቶ ዘርጋው እስቲ አሁን ጠይቁኝ አላቸው። ጠየቁት። ወጉ አባት በመጀመሪያው ቀን ለሽማግሌ ቀጠሮ እንዲሰጥ ነው። እሱ ግን ልጁን እዚያው ሰጠ፤ ቀጠሮ የሰጠው ለግንበኛው ብቻ ነው፣ ለሰኞ።

ወገኖቼ፣ አሮጌ ነገር መቼ ነው ፈርሶ የሚሠራው? ሲያጋድል ነው? ወድቆ ሰው ሲገድል ነው? ጢሱ በቤት ሰው ላይ መመለስ የጀመረ ዕለት ነው። እናንተም ከአባት ከአያት የወረሳችሁት ነገር አለ፤ ቁጣ ይሆናል፣ ኩራት ይሆናል። እድር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ እዚህ ጉባኤ ላይ ስትታዩ ኖራ የተቀባችሁ ናችሁ። አጠገባችሁ የሚኖረው ግን ያለቅሳል። ስትጠየቁ ሚስቴ ናት፣ አለቃዬ ነው፣ ኑሮው ነው ትላላችሁ። እግዚአብሔር መንገድ ማዶ ቆሞ አይደለም የሚያያችሁ፤ ገብቶ ሳሎናችሁ ውስጥ ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ዓይን ዓይኑን እዩት። ቀልቶ እንደሆነ ምን እንዳቀላው ጠይቁት። ከዚያ በኋላ እባካችሁ መልስ አትስጡ፤ ዝም ብላችሁ ስሙት።