የተፈጨው አልጌ

አንዲት ሴት ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልጌ ታጠናለች። አልጌ ታውቃላችሁ፤ ያ ኩሬ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር ነው። በእያንዳንዷ ህዋስ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ክፍል አለ። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ሥራውን የሚያፋጥነው ደግሞ ኢንዛይም ይባላል።

የሴትዮዋ ጥያቄ አንድ ነበር። ኢንዛይሙ የሚኖረው የት ነው? ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ?

ምን አደረገች? ቸኮለች። አልጌውን መፍጫ ውስጥ ከታ ፈጨችው። አረንጓዴውን ዝቃጭ ለይታ ፈሳሹን ብትመረምር፣ ኢንዛይሙ እዚያ ሞልቷል። «የሚኖረው ከክፍሉ ውጭ ነው» ብላ ጻፈች። የሁለት ዓመት ድካሟ ነው፤ መመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ አንድ ሳምንት ቀርቷታል።

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ጋሽ በላቸው ሰሙና፣ «መፍጫውን በስንት ቁጥር አደረግሽው?» አሏት።

«በመጨረሻው ነዋ ጋሼ፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝ።»

«አይ የኔ ልጅ። ክፍሉን ራስሽ አፍርሰሽ፣ የፈሰሰውን አይተሽ ድሮም ውጭ ነበር ትያለሽ?»

ተናደደች። አለቀሰችም። በማግስቱ ግን ሌላ አልጌ አምጥታ፣ ክፍሉ እንዳይፈርስ ቀስ ብላ ህዋሱን ከፈተች። ኢንዛይሙ የት ተገኘ? ክፍሉ ውስጥ። የጻፈችውን ምዕራፍ ቀደደችው።

ወገኖቼ፣ እኔ ደክሞኛል። በእውነት ደክሞኛል። በቀደም አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠራም፣ ቤቴ መጥቶ «መምህር፣ የሚስቴ ልብ ውጭ ነው» አለኝ። እንዴት አወቅህ? «ጎረቤት ዘንድ ስትስቅ እሰማታለሁ፤ እኔ ስገባ ዝም ትላለች።» አንተ ስትገባ ምን ትላለህ? ለካ ሲገባ ይጮሃል። ወጡ ቢቀጥን ይጮሃል፣ ልጅ ቢያለቅስ ይጮሃል፣ በሩ ቶሎ ባይከፈት ይጮሃል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

ሳቋ እኮ የቤቱ ነበር። ማን አስወጣው?

እናቶችም አትሳቁ። «ልጄ ምስጢሩን ለጓደኞቹ ነው የሚነግረው» እያላችሁ ታለቅሱብኛላችሁ። ለእናንተ የነገራችሁ ቀንስ ምን አላችሁት? ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?

ያ ሰው ሲወጣ «ይጸልዩላት» አለኝ። ለእሷ። እሺ፣ ለእሷም እጸልያለሁ። እናንተ ግን ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ በሩ ላይ ቆም በሉና፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ግቡ።