በእሳቱ ሰ የተፈለገ ሰው

አንዲት ሴት አባቷን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ሄደች።

አትሳቁ። አባትየው ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ መቃብሩ እንኳ አይታወቅም። ከእሱ የቀረ ነገር ቢኖር አንዲት መጽሐፍ ናት። ልጅቱ የሄደችው እሷን ፍለጋ ነው።

ሰውየው ሠርፀ ይባላል። በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበር፤ ንብም ያረባ ነበር። ስለ ንብ ያወቀውን ጽፎ «የማር ዓመት» በሚል ርእስ አሳተመው። ኪስ የምትገባ መጽሐፍ ናት። ከማተሚያ ቤት እንደመጣች የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ለሚስቱ ለደብሪቱ አሳያት፤ ይቺ ያንቺ ናት፣ ለአንቺ የጻፍኩት ነው አላት። ደብሪቱ ያኔ ማንበብ አትችልም። አንብብልኝ ብትለው እንቢ አለ። «ፊደል አስቆጥርሻለሁ፤ ራስሽ ታነቢዋለሽ» አላት። ማስቆጠርም ጀመረ። ሀሁን ሳይጨርሱ ነገር መጣ።

መጽሐፏ ውስጥ «አውራ የሌለው ቀፎ ይበተናል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። ንብ ያረባ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በዚያ ክፉ ዘመን ግን አንድ ብልጥ አንባቢ ተነሣና አውራው ንጉሡ ነው፣ ቀፎው አገሪቱ ናት ብሎ ፈታው። ቅኔ ቤት በደጁ ሳያልፍ ቅኔ የሚፈታ ሰው መቼም አይጠፋም።

ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በሩን አንኳኩ። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ይዘዋል። ሠርፀ ወረቀቱን አየው። የአስተማሪ ነገር፣ ሞት ደጁ ቆሞም እርማት አይለቀውም። «ይሄ የኔ ስም አይደለም» አላቸው። «የኔ በንጉሡ ሠ፣ በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው። እናንተ በእሳቱ ሰ፣ በጸሎቱ ጸ ጽፋችሁታል።»

ምን ብለው የመለሱለት ይመስላችኋል? «በየትኛውም ይጻፍ፤ አንተው ነህ» አሉት። ይዘውት ሄዱ። አልተመለሰም።

ደብሪቱ ሌላ ፍተሻ ይመጣል ብላ ፈራች። ሕፃን ልጅ አለቻት። ቤት ውስጥ የነበሩትን መጻሕፍት አንድም ሳታስቀር ምድጃ ከተተቻቸው። የራሷን ገጽ ሳታነበው አቃጠለችው። የፈረደ ይፍረድባት፤ እኔ አልፈርድባትም።

ልጅቱ ትርሲት አደገች። ትምህርት ቤት ስትገባ የመዘገባት ሰው የአባቷን ስም እንደመጣለት ጻፈው፤ በእሳቱ ሰ፣ በጸሎቱ ጸ። መታወቂያዋም ላይ እንደዚያው ሆነ። ማን ይከራከራል? ድምፁ አንድ ነው። ስትጠራ «አቤት» አለች፣ በቃ። እናትየው ግን የዚያን ቀን ታሪክ ለልጇ ደጋግማ ትነግራት ነበር፤ አባትሽ እኮ ጠመንጃ ፊት ቆሞ ፊደል ያርም ነበር እያለች፣ ግማሹን በሳቅ፣ ግማሹን በእንባ። ልጅቱም ሰምታ ሰምታ ለመደችው። የለመድነውን ነገር እንሰማዋለን እንጂ አናዳምጠውም፤ ይህን ስብከት ጭምር።

ደብሪቱ አረጀች፣ ዐይኗ ጠፋ፣ አልጋ ላይ ዋለች። ልጇን አንድ ነገር ለመነቻት። ሐኪም ጥሪልኝ አላለችም። «ያችን ገጽ ፈልገሽ አንብቢልኝና ልሂድ» አለቻት።

ትርሲት ወደ ከተማው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። እዚያ አንድ ልዑልሰገድ የሚባል የተማረ፣ ትሑት ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። አሁን ዘመን ተለውጧል፤ በየከተማው ያሉ ቤተ መጻሕፍት ካታሎጋቸውን በኔትወርክ አያይዘውታል። አንዱ የመዘገበውን መጽሐፍ ሌላው ቅጂ ካለው መዝገቡን እንዳለ ይወስደዋል፤ እንደገና አይለፋም። እዚህ ተቀምጠህ የጅማውን፣ የሐረሩን፣ የደሴውን መደርደሪያ ትጠይቃለህ። መልካም ነገር ነው፤ እኔ አልነቅፈውም።

ልዑልሰገድ የአባቷን ስም ከመታወቂያዋ ላይ እያየ ጻፈ። ማሽኑ የለም አለ። ርእሱን ጻፈ፤ «ዓመት» የሚለውን እኛ ሁላችን በስልካችን እንደምንጽፈው በአልፋው አ ጻፈው። የለም። ስለ ንብ የተጻፈ ያለውን ሁሉ አምጣ አለው፤ ርእሳቸው ንብ የሚሉ ሌሎች መጡ፣ የሠርፀ አልመጣችም። ከአገር ጫፍ እስከ ጫፍ ጠየቀላት። ከአገር ጫፍ እስከ ጫፍ የለም ተባለች። ሰውየው ከልቡ አዘነላት፤ ተመለሺና እንደገና እንሞክራለን አላት።

እንደገና ሞከሩ። በዚያው ፊደል።

ቤት በገባች ቁጥር እናቷ «አገኘሽ?» ትላታለች። እየፈለጉ ነው ትላታለች። አንድ ቀን መዋሸቱ ሰለቻትና እማዬ፣ በአገሩ ሁሉ የለም አለቻት። ደብሪቱም «እንግዲያው የመጨረሻዎቹን እኔ ነኝ ያቃጠልኳቸው» አለች። ይህን እንዳመነች ሞተች።

ወገኖቼ፣ ከሞቷ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያላጠፋችውን አጠፋሁ ብላ ሄደች።

አርባዋ ሲቃረብ ትርሲት የመቃብር ድንጋይ ልታሠራ ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ ሄደች። በእናቷ ስም ሥር «የአቶ ሠርፀ ባለቤት» ብለህ ጻፍልኝ አለችው። ሰውየው መሮውን አስቀምጦ «በየትኛው ሰ ልጻፈው? ድንጋይ ላጲስ የለውም» ብሎ ጠየቃት። እሷም ሳታስበው፣ የእናቷ ድምፅ ከአፏ እየወጣ፣ «በንጉሡ ሠ፣ በፀሐዩ ፀ» አለችው።

ያለችውን ሰማችው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ተነሥታ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ልዑልሰገድ በነገረችው ፊደል ጻፈው፤ መጽሐፏ ወዲያው መጣች። በሌሎች ከተሞችም አለች፤ ሁሉም መዝገቡን ከአንድ ቦታ ወስደው ስሙን በትክክለኛ ፊደሉ ይዘውታል። አንዷ ቅጂ ግን እዚያው ነበረች። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ፣ ዞረ፣ ከጀርባው ካለው መደርደሪያ አወጣት።

በሁለት እጁ ሰጣት። «እህቴ፣ ማሽኑ የሚፈልገው የጻፍንለትን ነው» አላት።

ትርሲት አልጮኸችበትም። እንዲህ ብቻ አለችው፦ «አባቴን የወሰዱት ሰዎችም በተሳሳተ ፊደል ነበር የጻፉት። እነሱ ግን አላጡትም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መጽሐፏ ተገኘች፤ የምትሰማው ሴት መሬት ገብታለች። ገጹ ላይ ምን ተጽፎ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ታሪኩን የነገረችኝ ትርሲት ናት፤ ገጹንም አንብባልኛለች። አልነግራችሁም። ለእናንተ አልተጻፈም። ለእኔም አልተጻፈም። የተጻፈላት አንድ ሴት ነበረች፤ እሷ አልደረሳትም።

አሁን ማሽኑ ላይ አትፍረዱ። አዋቂዎቹን ጠይቄ ነበር፤ ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን ጸ፣ ሁለቱን አ እንደ አንድ ቆጥረህ ፈልግ ብለው ቢያስተምሩት ይፈልግ ነበር አሉኝ። ያስተማረው የለም። ሰው ላይ ነው የማዝነው። ሰው ላይ ነው የምቆጣው።

በቋንቋችን ሁለት ቃላት አሉ፤ ፍተሻና ፍለጋ። ፈታሽ ሊይዝ ይመጣል፣ ፈላጊ ሊያገኝ ይመጣል። ለፍተሻ ስንወጣ ፊደል ይገድበናል? ስም ይገድበናል? የጎረቤታችንን ልጅ ነውር ለማግኘት አድራሻ አያስፈልገንም። ስሟን በቅጡ አናውቀውም፣ ሐሜቷን ግን ከነዝርዝሩ አግኝተነዋል! ስንቶቻችሁ ናችሁ የሰውን ጥፋት በሰፈር ሰምታችሁ፣ ስሙ ቢሳሳት፣ ቀኑ ቢሳሳት፣ «በየትኛውም ይሁን፣ እሱው ነው» ያላችሁ?

ለፍለጋ ሲሆንስ? ያ በየሳምንቱ እዚህ ምሰሶ ሥር ይቆም የነበረ ሰው የት አለ? ጠይቄያችሁ ነበር። «ደውለንለት ነበር፣ አያነሣም» አላችሁኝ። ስንት ጊዜ ደወላችሁ? በየትኛው ቁጥር? ቤቱን ማን አንኳኳ? አንድ ጊዜ ጽፋችሁ የለም አላችሁ። ያቺስ ከባሏ ስትለይ ከሰንበቴያችሁ የጠፋችው? «ራሷ ቀረች» አላችሁኝ። አልቀረችም! ከጀርባችሁ ነበረች። ወንበራችሁን ማዞር ነበር የሚጠበቅባችሁ።

ደግሞስ ለራሳችሁ ሲሆን ፈላጊው እንዴት ያለ እንዲሆን ትመኛላችሁ? ጌታ እናንተን ሲፈልግ መታወቂያ እያየ ቢሆን ኖሮ ማናችን እንገኝ ነበር? ስማችንን ራሳችን አበላሽተን ጽፈነው፣ እሱ ግን «በየትኛውም ይጻፍ፤ አንተው ነህ» ብሎ መጣልን። ያንን የወታደር ቃል እሱ ለምሕረት ተናገረው። እኛ ምሕረቱን ተቀብለን ቃሉን ለወታደሩ መለስንለት።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የለም ያላችሁትን ሰው አስቡ። እናታችሁ ትሆናለች። ያኮረፋችሁት ወንድማችሁ ይሆናል። ሂዱና አንኳኩ። ካልከፈተ እንደገና አንኳኩ። ሲከፍት ስምህ በየትኛው ሰ ነው የሚጻፈው ብላችሁ ጠይቁት።

ድንጋይ ጠራቢው እናንተን ከመጠየቁ በፊት ጠይቁት።