በሐምሌ ሦስት የተሰቀለው ፌስታል

አንድ ከተማ ውስጥ እማዋይሽ የምትባል የግብር ሒሳብ አዘጋጅ ነበረች። አሥራ አራት ዓመት በአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ከሠራች በኋላ "ከእንግዲህ ለራሴ" ብላ ወጣችና ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ዕቃዋ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ለባለጉዳይ የሚሆን ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ በረድፍ ምስማር መትታለች። ደንበኛ የዓመት ደረሰኙን በፌስታል ይዞ ሲመጣ፣ ስሙን በወፍራም እስክሪብቶ ትጽፍበትና ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ከተሰቀለ በኋላ ፌስታሉ የእሷ አደራ ነው።

የዚያ ከተማ ነጋዴ ታዲያ ጉደኛ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረሰኙን ፍራሽ ሥር፣ ሚዛን ሥር፣ የኮቱ ኪስ ውስጥ ሲወሽቅ ይከርምና ግብር ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ሁሉም በአንድ ቀን ያስታውሳል። የመጨረሻው ቀን ነሐሴ ሠላሳ መሆኑን የማያውቅ የለም። ግን ነሐሴ ሃያ ሳይሞላ የሚመጣው በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው በመጨረሻው ሳምንት ዝናብ እየወረደበት በሩ ላይ ይጋፋል፤ ዘግይቶ መምጣቱ ሳያንስ የሚቆጣውም እሱ ነው።

እማዋይሽ ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ መልስ ነበራት፦ "ተወው፣ እጨርሰዋለሁ።" እምቢ ብላ አታውቅም። "ከእማዋይሽ ቤት ያልተስተናገደ የለም" ሲባል ስትሰማ፣ ወገቧ ለሁለት ሊቆረጥ ደርሶም ቢሆን ደስ ይላታል። ብርታት ማለት ይህ ነው ብላ ታምን ነበር።

በጊዜ ከሚመጡት ጥቂቶች አንዱ አቶ ተካልኝ ናቸው። ቀለም፣ ምስማርና የበር ማጠፊያ የሚሸጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ፌስታላቸውን ያመጡት ሐምሌ ሦስት ቀን ነበር። እማዋይሽ ተቀብላ ጥግ ላይ ካለው የመጀመሪያው ምስማር ሰቀለችውና በሳምንት ውስጥ እንደምትጨርሰው ነገረቻቸው። እሳቸውም አመስግነው ሄዱ።

ሳምንቱ አለፈ። አንዱ ስልክ ደወለ፣ ሌላው ጠረጴዛዋን ደበደበ፣ ሦስተኛው "ልጄ ታማብኛለችና አስቀድሚኝ" ብሎ ለመናት። የጮኸው ሁሉ ቀደመ። አቶ ተካልኝ በየሳምንቱ ብቅ ይላሉ፤ አግዳሚው ወንበር መሙላቱን ያዩና "በርቺ፣ እመለሳለሁ" ብለው ይሄዳሉ። እሷም ደግ ሰው ናቸው፣ ይጠብቁኛል እያለች ሌላ ፌስታል ታወርዳለች። ደግነታቸውን ቀስ በቀስ እየበላችባቸው መሆኑን ልብ አላለችም።

ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ጠዋት ግድግዳው ላይ አርባ አንድ ፌስታል ተሰቅሏል። ወንበሩ ላይ አሥር ሰው ተጣቦ ተቀምጧል። እማዋይሽ ዛሬስ የአቶ ተካልኝን ልጨርስ ብላ ጥግ ላይ ያለውን ፌስታል ስታወርድ እጇ ላይ ከበዳት። ቀና ብላ ብታይ ከላይ ያለው ቆርቆሮ ቀዳዳ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጠብ ሲል የከረመው ውኃ ፌስታሉ ውስጥ ተጠራቅሟል። ደረሰኞቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ራሰ ዳቦ ሆነዋል።

ደነገጠች፤ ግን ለመደንገጥም ጊዜ አልነበራትም። እየላጠች ስታያቸው ጽሑፋቸው ገና ይነበባል። ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ካውያ ተዋሰች፣ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ዘረጋች፣ ሰማንያ አራት ደረሰኝ ጎን ለጎን ደረደረችና በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። ከዚያ የጋለውን ካውያ ከላይ እስከ ታች አስኬደችው። ነጠላውን ስትገልጥ ሰማንያ አራቱም ጥቁር ናቸው። ቁጥር የለ፣ ቀን የለ፣ የሻጭ ስም የለ፤ ሁሉም ከሰል መስለዋል።

ከሽያጭ ማሽን የሚወጣ ወረቀት ሙቀት ሲነካው እንደሚጠቁር እማዋይሽ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ደረሰኝ ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ መኪና መስታወት ሥር አታስቀምጡ እያለች ዓመቱን ሙሉ ደንበኛ የምትገሥጽ እሷ ናት። ጥድፊያ ግን ሰው የሚያውቀውን ያስረሳዋል። ካውያውን አቁማ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

የጠፋው ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። አቶ ተካልኝ ዕቃ የገዙበት ማስረጃ ከሌለ፣ የሸጡት ሁሉ ትርፍ ተደርጎ ይታሰብና ግብር ይጣልበታል። ያን ለመክፈል ሱቁን መሸጥ አለባቸው። ሠላሳ ዓመት የቆሙበት ሱቅ በስድስት ቀን ውስጥ ሊዘጋ ነው።

ወንበሩ ላይ የነበረ አንድ ባለ ሉካንዳ ሁሉንም አይቷል። ጠጋ ብሎ፣ ነገሩ ቀላል መሆኑን፣ ሲያመጡት ርሶ ነበር ብትላቸው ሽማግሌው እንደማይከራከሩ በሹክሹክታ መከራት። እውነቱን ነው፣ አይከራከሩም። እማዋይሽን ያሳፈራትም ይኸው ነው። የማይከራከር ሰው ስለሆኑ ሃምሳ አንድ ቀን ጥግ ላይ ሰቅላቸዋለች፤ አሁን ደግሞ የማይከራከር ሰው ስለሆኑ ጥፋቷን ልታሸክማቸው ነው።

በዚያው ሰዓት የከተማው ትልቅ ባለ ሆቴል ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ደረሰኝ አሸክሞ ገባ። ሰላምታውን ሳይጨርስ የተለመደውን ዋጋ ሦስት እጥፍ እንደሚከፍል ተናገረ።

"አልቀበልም" አለችው።

ባለ ሆቴሉ የቀለደች መስሎት ሳቀ። "አንቺ እኮ እምቢ አትይም" አላት።

"ለሁሉም እሺ እያልኩ የአንድ ሰው ሱቅ አቃጠልኩ። ከዛሬ ጀምሮ እምቢ እላለሁ።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ግን መሬት አልተሰነጠቀም፤ ባለ ሆቴሉ እያጉረመረመ ማዳበሪያዎቹን አሸክሞ ወጣ። እሷም ካውያውን ለባለቤቱ መልሳ፣ ጥቋቁሮቹን ወረቀቶች በፖስታ ከትታ ወደ አቶ ተካልኝ ሱቅ ሄደች።

ፖስታውን ባንኮኒያቸው ላይ ከፍታ የሆነውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሽማግሌው አንዱን ወረቀት አንስተው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ ገልብጠውም አዩት። ከዚያ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እኔ እኮ ያመጣሁት በሐምሌ ሦስት ነው።"

ቢሰድቧት በቀለላት ነበር። "አውቃለሁ ጋሼ" አለች። "ያጠፋው ዝናቡ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ስድስት ቀን አለን። ከእኔ ጋር ይዞራሉ?"

አቶ ተካልኝ ኮታቸውን ለበሱ፣ ጃንጥላቸውን አነሱ፣ ሱቁን ቆለፉ።

መጀመሪያ የሄዱት ግብር ቢሮ ነው። እማዋይሽ ፊት ለፊት ገብታ ጥፋቷን ተናገረች። ኃላፊው የጠቆሩትን ወረቀቶች አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ሻጮቹ ዘንድ የቀረውን ቅጂ በማኅተም አስመስክራ ካመጣች እንደሚያዩላት፣ ቀኑን ግን አንድ ሰዓት እንኳ እንደማያራዝሙላት ነገሯት። ይህን ስትሰማ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ ተነፈሰች። የሚሠራ ነገር ካለ ትሠራዋለች።

ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመለሰችና አግዳሚው ወንበር ላይ ለተቀመጡት እውነቱን ነገረቻቸው። አዲስ ፌስታል አይሰቀልም። ከነሐሴ ሃያ ወዲህ የመጣ ደንበኛ ደረሰኙን አውርዶ በየወሩ ይለይ፤ እንዴት እንደሚለይ አንዴ ታሳያለች። ከጠዋት እስከ ቀትር ከአቶ ተካልኝ ጋር ትዞራለች፤ ከቀትር በኋላ የተለየውን እየተቀበለች በተራ ትሠራለች። ተራውም በመጡበት ቀን ነው እንጂ በጩኸት አይደለም።

አምስቱ ተቆጥተው ፌስታላቸውን ነጥቀው ሄዱ። ባለ ሉካንዳው "ገንዘብ ከፍዬ ደግሞ ልሥራ?" ብሎ ሲያጉረመርም ቆየና ከሁሉ ቀድሞ መለየት ጀመረ። አንዲት ባለ ዳቦ ቤት ወረቀቷን ስትለይ ውላ ትርፏን የሚበላው የጄኔሬተሩ ነዳጅ መሆኑን ደረሰችበት። ስምንት ዓመት ስትነግድ ይህን አታውቅም ነበር። እማዋይሽም አንድ ነገር ታዘበች። ብቻዬን ካልተሸከምኩት ይወድቃል ስትለው የኖረችው ሥራ ግማሹ፣ ባለቤቶቹ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ነበር።

አቶ ተካልኝ ዕቃ የሚያመጡት ከአራት ጅምላ ሻጮች ነው። የገዙበትን ቀን በደብተር መዝግበዋልና ፍለጋው በጭፍን አልነበረም። ሁለቱ ሻጮች በቀላሉ ተባበሩ። ሦስተኛው ቅጂዎቹ የታሰሩባቸውን ጥራዞች ለማግኘት ግማሽ ቀን አስጠበቃቸው። አራተኛው ግን እሱም ግብሩ ላይ ተወጥሮ ስለነበር፣ መስከረም ሲጠባ እንዲመለሱ ነግሮ ጀርባውን ሰጣቸው። መስከረም ደግሞ ለእነሱ ምንም አይፈይድም።

እማዋይሽ ከቦታዋ አልተነሳችም። የእሱ ሰዎች እንዳይቸገሩ ራሷ ፈልጋ፣ ራሷ ገልብጣ፣ ለማኅተም ብቻ እንደምትጠራው ነገረችው። ሰውየው ይሰለቻት እንደሆነ ብሎ መጋዘኑን ከፈተላት። ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጣ አቧራ የጠጣ ጥራዝ ገለበጠች። አቶ ተካልኝ ደብተራቸውን ይዘው ቀን ይጠራሉ፣ እሷ ትፈልጋለች። ስትደክም እሳቸው በያዙት ዳቦ ትበረታለች፤ ዓይኗ ሲደክም ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። በሁለተኛው ቀን ሻጩ ራሱ መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ አለና መግለጥ ጀመረ።

ከሰማንያ አራቱ ሰማንያ አንዱ ተገኘ። ሦስቱ ጠፉ። እማዋይሽ ሦስቱን ከወጪው አወጣቻቸውና በእነሱ ምክንያት የሚጨመረውን ግብር እሷ እንደምትከፍል ለአቶ ተካልኝ ተናገረች። እሳቸውም አይሆንም አላሉም። ትክክል ነበሩ። ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊው ፋይሉን አገላብጠው ተቀበሉት። ሱቁ ተረፈ። ሽማግሌው ከቢሮው ደረጃ ሲወርዱ ለእማዋይሽ እጃቸውን ሰጧትና ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሄዱ።

ግድግዳው ላይ ከቀሩት ፌስታሎች ሁለቱ ቀነ ገደቡ አለፈባቸውና ባለቤቶቻቸው ተቀጡ። ሁለቱም ያመጡት ነሐሴ ሃያ ሦስት ነበር። ለወራት ስሟን ሲያጠፉ ከረሙ። ነገሩ አመማት፣ ማመሙንም አልካደችም። ግን ቆርቆሮውን አሠራች፣ ጥግ ላይ ያለውን ምስማር ነቀለች፣ ሌሎቹንም ቆጥራ ከሃያ አምስት በላይ የሆኑትን በጉጠት አወጣቻቸው።

በዓመቱ ሐምሌ ሦስት ደረሰ። እማዋይሽ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ በር በሩን ያይ ነበር። እንደማይመጡ እርግጠኛ ነበረች። ቢቀሩም አትፈርድባቸውም።

አራት ሰዓት ሲሆን አቶ ተካልኝ ገቡ። የያዙት ፌስታል አይደለም፤ ክዳኑ ግጥም ያለ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ልትቀበላቸው ስትነሳ ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

"አይሰቀልም" አሏት። "እስክትጨርሺው እዚሁ ቁጭ እላለሁ።"

"ልክ ነዎት፣ ይቀመጡ" አለች። ስልኳ ጮኸ፤ ባለ ሆቴሉ ነበር። ዘንድሮ ቀድሜያለሁ፣ አሁኑኑ ልምጣ አላት። ከፊቱ አንድ ሰው እንዳለና ለእሱ የሚሆን ምስማር ሐሙስ ዕለት እንደሚለቀቅ ነግራው ስልኩን ዘጋች። ከዚያ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍታ የመጀመሪያውን ደረሰኝ አነሳች። አቶ ተካልኝም ደብተራቸውን ገልጠው ቀኑን ጠሩላት።

ወዳጆቼ፣ ለመጣ ሁሉ እሺ ማለት ደግነት ይመስላል። ነገር ግን የሰው ቀን ልክ አለው። ለዘገየውና ለጮኸው የምንሰጠው እሺታ ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ ቀድሞ መጥቶ ዝም ካለው ሰው ላይ ነው የምንወስደው። እማዋይሽን ያን ክረምት ያሻገራት ጉልበቷ አይደለም፣ ጉልበትማ ካውያውን ስታነሳም ነበራት። ያሻገራት ጥፋቷን በስሙ መጥራቷ፣ የማትችለውን አልችልም ማለቷና የቀረውን እስከ መጨረሻው ሳትለቅ መያዟ ነው።

ሥራ ሲከመርባችሁና ሁሉም ሲጮህባችሁ ቀና ብላችሁ ወደ ጥጉ ተመልከቱ። በጊዜ መጥቶ፣ "በርቺ፣ እመለሳለሁ" ብሎ የሄደው፣ እስካሁን በእናንተ ምስማር ላይ የተሰቀለው ማን ነው?