ለአያ ጅቦ የተመራው ቦታ

ጆሮ ያላችሁ ስሙ፤ ጆሮ ያነሳችሁ ከጎናችሁ ተዋሱ። ድሮ፣ እንስሳት ሸንጎ ተቀምጠው በሚመክሩበት፣ ችካል እንኳ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አንዲት የእንስሳት መንደር ነበረች። ሕጓ አንድ ነው፦ ሣር በል ከወንዙ በላይ፣ ሥጋ በል ከወንዙ በታች ይኖራል። የሸንጎው ሰብሳቢ ጋሽ ዳለቻ የሚባል በሬ ነበር።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ሙሉ ሸክም የገብስ እሸት ለእጅ መንሻ ይዞ ሸንጎ ቀረበ።

«ሥጋ ትቻለሁ» አለ። «ጎመን ልተክል ነው። ከላይ ሰፈር ቦታ ይመራልኝ።»

ጋሽ ዳለቻ እሸቱን እያመነዠከ፣ «የተጸጸተ አይገፋም። ከእመት ፍየል አጥር ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ይመራ» አለ።

የሸንጎው አባላት አህያውና ሙክቱም እሸቱ ደርሷቸው ነበርና፣ «ይሁን፣ ይሁን» አሉ።

እመት ፍየል ክው አለች። «ጋሼ፣ ግልገሎቼስ?»

«ግልገሎችሽ ጎመን ናቸው እንዴ? ምን ያስፈራሻል?»

ለቦታ ወሰን የሚተከለው ችካል ተነሣ። ችካሉም፣ «እኔ አንዴ ከተተከልኩ መነቀሌ ጭንቅ ነው፤ ደግማችሁ አስቡ» አለ።

«ዝም በል፣ አንተ እንጨት» አሉት።

እመት ፍየል ጥቂት አሰበችና፣ «ሸንጎው ካለ ምን እላለሁ። ግን የኔ አጥር ሥር ድንጋያማ ነው፤ ጎመን አያበቅልም። የአህያው ጓሮ ይሻላል» አለች።

የአህያው ጆሮ ቆመ። «የኔ ጓሮ ውሃ ይተኛበታል። የሙክቱ ደጅ ይሻላል።»

ሙክቱም ቶሎ ብሎ፣ «የኔ ደጅ ነፋስ ይበዛዋል። የጋሽ ዳለቻ በረት አጠገብ ግን ፍግ የጠገበ ነው» አለ።

«እውነት ነው፣ እዚያ ይሻላል» አለ አያ ጅቦ፣ ከንፈሩን እየላሰ።

«እንግዲያው እዚያ ልተከል?» አለ ችካሉ።

ጋሽ ዳለቻ ማመንዠኩን ተወ። በረት ያለችው የሱ ጥጃ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት።

«እንግዲህ... ሕጉ እንደገና ይታይ» አለ። «ጅብ ምን ቢሆን ጅብ ነው።»

አያ ጅቦ ተቆጣ። «ፍየሏ አጥር ሥር ሳለሁ ጎመን በል ነበርኩ፤ እርስዎ በረት ስደርስ ጅብ ሆንኩ?»

ሸንጎው አንገቱን ደፋ። እሸቱም እንዳይመለስ ተበልቷል። ችካሉ ከወንዙ በታች ተተከለ፤ አያ ጅቦም እያጉረመረመ ወረደ።

እመት ፍየል ግን ሸንጎው ሳይነሣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቦታ ለሌላ የሚመራ ሁሉ መጀመሪያ በራሱ ደጅ ይለካ» አለች። ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ከዚያ ወዲያ በዚያች መንደር ስብሰባው ረዘመ፤ ግልገሎቹ ግን አደጉ።

በጎረቤቱ ደጅ ለጅብ የሚመራ፣ ከራሱ በረት ይጀምር።