ባሩዱን የደፋው አዳኝ

አንድ ሰው ነበረ፤ አዳኝ ነበረ። ዋሴ፣ ቁጭ በልና ስማኝ። «የአጎቴ ጎረቤት የድንበሩን ድንጋይ ሲነቅል አይቻለሁ፤ ዳኛው እንዲያምነኝ ባየሁት ላይ ትንሽ ብጨምርበት ምን ክፋት አለው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ዳዊት ሳስቆጥርህም እንዲሁ የሌለ ቃል ትጨምር ነበር። መልሴ ይህ አዳኝ ነው።

ሰውየው አንድ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ነበረው። ጥይት ከገበያ አይገዛም፤ የተተኮሰውን ቀለህ ለቅሞ፣ እርሳስ አቅልጦ፣ ባሩድ ሰፍሮ ራሱ ይሞላል። የባሩዱን ልክ ለማግኘት አንድ በጋ ሙሉ ፈጅቷል። ግንድ ላይ በከሰል ምልክት አድርጎ፣ ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ በአንድ ልክ ሦስት ሦስት ጥይት ይተኩሳል። ሲያሳንሰው እርሳሱ ከምልክቱ በታች ወረደ። ጥቂት ሲጨምር ሦስቱም መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ ገቡ። ደስ ብሎት ሌላ ጨመረ፤ ጩኸቱ በረታ፣ ትከሻው በለዘ፣ እርሳሱ ግን ወዲያና ወዲህ ተበተነ። ያን ጊዜ ባሩድ የሚሰፍርበትን የድኩላ ቀንድ፣ ሦስቱ የገቡበት ልክ ላይ በመጋዝ ቆረጠው። ከዚያ በኋላ ልጨምር ቢል እንኳ ቀንዱ አይይዝለትም።

በዚያ አገር ግን ጠመንጃ የሚከበረው በጩኸቱ ነበር። ለሠርግም ለለቅሶም ሲተኮስ ተራራው ካላስተጋባ ተኳሹ ያፍራል። ስለዚህ አዳኙ በተኮሰ ቁጥር «ማነው ያስነጠሰው?» ይሉ ነበር። ጠመንጃውንም «ጉንፋን» ብለው ስም አወጡለት። ሚስቱ እንኳ ውሃ ስትወርድ «የጉንፋን ባለቤት መጣች» ትባላለች።

አንድ ጊዜ የቆሰለ ጎሽ ከቆላ ወጥቶ አገሩ ውሃ የሚቀዳበት መልካ ላይ ተኛ። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሁለት ሰዎች ገደለ። ከዚያ ወዲያ የሚወርድ ጠፋ፤ ሰውም ከብቱም በጥም ተጨነቀ። ያገሩ ገዥ ሕዝቡን ሰብስቦ አዳኙን አስጠራው። አሽከሩ አንድ ቀለህ እስከ አፉ ባሩድ እንዲጠቀጥቅበት አዘዘና ጥይቱን ለአዳኙ ሰጠው።

«ይህ ጎሽ ነው፣ ሚዳቋ አይደለም። በዚህ ተኩስ። እምቢ ካልክ ጠመንጃህን አስረክብ» አለው።

አዳኙ ጥይቱን ተቀበለ። እርሳሱን በጥርሱ ነቀለና ባሩዱን ገዥው እግር ሥር መሬት ላይ ደፋው። ከዚያ የራሱን ባሩድ አውጥቶ፣ በዚያች ቀንድ ሰፍሮ ሞላና እርሳሱን መለሰበት።

«ጌታዬ፣ ጎሹ ጩኸት አይፈራም» አለ። «ጠመንጃውን ይውሰዱት፤ ጎሹንም ደስ ያለዎት ሰው ይግደለው። እኔ ከሄድኩ ግን የምሄደው በልኬ ነው።»

ገዥው ዙሪያውን አየ። በየድግሱ ተራራ ሲያናውጡ የኖሩት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አዳኙ ብቻውን ወረደ። ጎሹ ተነስቶ ሲመጣበት፣ ሰላሳ እርምጃ እስኪቀረው ጠብቆ ተኮሰ። ኮረብታው ላይ የቆመው ሰው ድምፁ ስላነሰበት ከሸፈበት ብሎ እዬዬ አለ። ጎሹ ግን ግንባሩን ተመትቶ ወድቆ ነበር።

ገዥው የግዳይ ክብሩን ከለከለው። «ድምፁን ያልሰማነውን ግዳይ አንቆጥርም» አለ። ዋሴ፣ ይህን ስናገር ዛሬም ያናድደኛል። አዳኙ ግን አልለመነም። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ወደ መልካው ሲወርዱ አየና ቤቱ ገባ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ያየኸው አንድ ሰውና አንድ ድንጋይ ነው። ዘመዶችህ ግን «ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ታጥቀው ነበር፣ ዝተዋል» በል ይሉሃል። ቃልህ እንዲጮህላቸው ነው። በጨመርክ ቁጥር ግን ከእውነቱ ትርቃለህ፤ ዳኛው ከጨመርከው አንዷን ሲይዝብህ ያየኸውንም አያምንህም፣ አጎትህም መሬቱን ያጣል። ስለዚህ ነገ ችሎት ስትቆም «አንድ ሰው፣ አንድ ድንጋይ» በልና ዝም በል። «ሌላስ?» ቢልህ «ሌላ አላየሁም» በለው። ለአጎትህም፣ ለዳኛውም፣ ለእኔም ብለህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር። ዘመዶችህ ከደጅ ቢያስወጡህ፣ ማዕድ ቢነሱህ፣ እኔ ጋ ና። ያለኝን አብረን እንበላለን።